ከመሬት በታች የሚሄደውን ፍሳሽ ከሩቅ ስለ መከታተልና ስለ መቆጣጠር

«ተከታተለ» እና «ተቆጣጠረ» የተባሉት ሁለት ግሦች በዕለት ንግግራችን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን ከሥራቸው የተለያዩ ናቸው። «ተከታተለ» የወጣው «ተከተለ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ከአንድ ነገር ኋላ ሳይለዩ መሄድን፣ የሚያደርገውንም ሁሉ ማየትን ያመለክታል። «ተቆጣጠረ» ግን የ«ቆጠረ» ዘር ነው፤ ልክን ማወቅን፣ ከዚያም ባወቁት ልክ ማዘዝን ይጨምራል። ዘበኛ በአጥር አጠገብ የሚያልፈውን መንገደኛ ይከታተለዋል፤ በሩን ከፍቶ የማስገባትና የመከልከል ሥልጣን ሲኖረው ግን ይቆጣጠረዋል። በዚህ ምንባብ የምታነቡት፣ የእነዚህ የሁለቱ ግሦች ልዩነት በወንዝ ንጽሕናና በሰው ጤና ስለሚለካበት አንድ ሥራ ነው። ሥራውም የከተማን ፍሳሽ ከሩቅ ሆኖ መከታተልና መቆጣጠር ይባላል።

«ፍሳሽ» የሚለው ስም ራሱ «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ። ስሙ የነገሩን ጠባይ ይናገራል፤ ፍሳሽ መፍሰስ አለበት፤ ከቆመ ችግር ነው። ከየቤቱ ወጥ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከመጸዳጃ የሚወጣው ውሃ በቀጭን ቧንቧ ወደ ጎዳናው መስመር ይገባል፤ የጎዳናው ወደ ሰፈሩ፣ የሰፈሩም ወደ ዋናው መስመር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም ሁሉም ከማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ከላይ ሆኖ ሊያየው ለሚችል ሰው ቢኖር፣ ገባሮቹን እየሰበሰበ የሚወርድ ወንዝ ይመስለው ነበር። ቧንቧዎቹ በጥቂቱ እያዘቀዘቁ ስለሚቀበሩ ፍሳሹ የሚሄደው በራሱ ክብደት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አቃቂ የሚወርደውን የአዲስ አበባን መሬት የሚያውቅ ሰው፣ ተዳፋት ለዚህ ሥራ ምን ያህል በረከት እንደሆነ ይረዳል። በሜዳ ወይም በባሕር ጠረፍ የተሠሩ ከተሞች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ቧንቧው ለማዘቅዘቅ ሲል እየጠለቀ ይሄድና ከአንድ ቦታ ሲደርስ ከዚያ በላይ መቆፈር የማይቻል ይሆናል። በዚያ ላይ ፍሳሹ በጉድጓድ ተጠራቅሞ በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከዚያም እንደገና በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ቦታ የፓምፕ ጣቢያ ይባላል። በአንድ መካከለኛ ከተማ ውስጥ እንኳ ከመቶ የሚበልጡ የፓምፕ ጣቢያዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ አብዛኞቹም ሰው የማይቀመጥባቸው፣ በር የተቆለፈባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ያየዋል? በቀድሞ ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር፤ ሠራተኛ እየዞረ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ያያል። ይህ አሠራር ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት። ሠራተኛው የሚያየው በደረሰበት ሰዓት የነበረውን ብቻ ነው፤ ሌሊት በዝናብ ጊዜ የሆነውን የሚነግረው በግድግዳው ላይ የቀረ የጭቃ ምልክት ወይም የአካባቢው ነዋሪ አቤቱታ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን ጉድጓዱ ራሱ ነፍስ የሚያጠፋ መሆኑ ነው። አየር በሌለበት የቆመ ፍሳሽ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በትንሹ ሲኖር እንደ ገማ ዕንቁላል ይሸታል፤ ከአየሩ ከሚሊዮን እጅ 100 እጅ ያህል ሲደርስ ግን የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት ወደ ውስጥ ይገባል። የወደቀውን ጓደኛውን ሊያወጣ ያለ መከላከያ ተከትሎ የወረደ ሁለተኛ ሰው አብሮ መሞቱ፣ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የታየ አሳዛኝ ነገር ነው። ይኸው ጋዝ በቧንቧው ጣራ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እየተለወጠ ኮንክሪቱንና ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ሰው ወደ ጉድጓዱ ሳይወርድ ጉድጓዱ ራሱ ያለበትን ሁኔታ የሚናገርበት መንገድ መፈለጉ የስንፍና ጉዳይ አይደለም።

ጉድጓዱ እንዲናገር የሚያደርገው የመለኪያ መሣሪያ ነው። ከሁሉ የቆየውና ቀላሉ ተንሳፋፊ ኳስ ነው፤ ውሃው ከፍ ሲል ኳሱ አብሮ ይነሣና የኤሌክትሪክ መስመር ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ሌላው በጉድጓዱ ወለል ላይ ተቀምጦ በላዩ ያለውን የውሃ ክብደት የሚለካ ነው። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ለናንተ ይበልጥ የሚያስደስተው፣ የገደል ማሚቶን የሚመስለው ነው። መሣሪያው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰቅሎ የሰው ጆሮ ሊሰማው የማይችለውን ቀጭን ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ የውሃውን ፊት ነክቶ ሲመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። መሣሪያው ከወለሉ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ድምፁ በ0.02 ሴኮንድ ተመለሰ እንበል። ድምፁ የተጓዘው ደርሶ መልስ 6.8 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የውሃው ፊት ከመሣሪያው በታች 3.4 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የውሃውም ጥልቀት 1.6 ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት እናንተም በደብተራችሁ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ፈጽሞ አይሳሳትም የሚባል የለም። ተንሳፋፊው ኳስ በቅባትና በጨርቅ ተጠላልፎ ይያዛል፤ በውሃው ፊት ላይ አረፋ የተከማቸ እንደሆነ ድምፁ ከአረፋው ላይ ይመለሳል፤ ሸረሪት በመሣሪያው አፍ ላይ ድሯን ብታደራ እንኳ ልኩ ሊዛባ ይችላል። ይህን አሁን በአእምሯችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መሣሪያው የለካውን ቁጥር በስልክ ሽቦ፣ በሬዲዮ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ አማካይነት ወደ አንድ ማዕከል ይልካል። ይህ አሠራር ቴሌሜትሪ ይባላል፤ ቃሉ «ሩቅ» እና «ልክ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ስለሆነ «የሩቅ ልኬት» ብንለው ከትርጕሙ አንርቅም። በማዕከሉ ያለው ተቆጣጣሪ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የየጉድጓዱን ከፍታ፣ የየፓምፑን መሥራትና መቆም ያያል፤ ልኩ ከተወሰነው ሲያልፍ የማንቂያ ደወል ይሰማል። እስከዚህ ድረስ ሥራው መከታተል ነው። ከማዕከሉ ተነሥቶ ወደ ጣቢያው የሚሄድ ትእዛዝ ሲጨመርበት፣ ይኸውም «ሁለተኛው ፓምፕ ይነሣ»፣ «የምሥራቁ መዝጊያ በግማሽ ይከፈት» የሚል ሲሆን፣ መቆጣጠር ይሆናል። በመልካም አሠራር እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የሆነ ትንሽ አእምሮም አለው፤ ከማዕከሉ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ እንኳ ውሃው ሲሞላ ፓምፑን ያስነሣል፣ ሲጐድል ያቆማል። ሁሉን ነገር ከማዕከሉ ብቻ የሚጠብቅ ጣቢያ ግን ሽቦው በተበጠሰ ቀን ድንጋይ ነው።

ይህ ዘዴ ምን እንደሚጠቅም በምሳሌ እንየው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ብዙ የቆዩ ከተሞች የዝናቡን ጐርፍና የቤቱን ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ይወስዳሉ፤ በአሜሪካ ብቻ እንዲህ ያለ መስመር ያላቸው ከተሞች 700 ያህል ናቸው። በደረቁ ቀን ቧንቧው ሰፊ ነው፤ ዶፍ ሲወርድ ግን ይሞላል። ሲሞላ ፍሳሹ ወደየቤቱ ምድር ቤት ተመልሶ እንዳይገባ፣ የጥንቶቹ መሐንዲሶች በወንዙ ዳር የማስተንፈሻ አፎችን ትተውለታል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ከጐርፉ ጋር የተቀላቀለ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ይገባል። ይህን በመሥራታቸው መሐንዲሶቹን ለመውቀስ አንቸኩል፤ በዘመናቸው ወንዙ ሁሉን የሚችል ይመስላቸው ነበር።

ሳውዝ ቤንድ በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር የሚገኝ፣ 100 ሺሕ ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ ነው። በመካከሉ የሚያልፈው የሴንት ጆሴፍ ወንዝ ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ይፈሳል። ከተማው በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ጋሎን በላይ የተቀላቀለ ፍሳሽ ወደዚህ ወንዝ ይለቅ ነበር። አንድ ጋሎን አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስለሆነ መጠኑን ራሳችሁ ገምቱት። በመንግሥት ሕግ ተገድዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. መስመሩን ለማሻሻል ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ ሥራ ሊሠራ ተስማማ። ይህ ገንዘብ ከነዋሪው የውሃ ክፍያ የሚወጣ ነው፤ ከተማውም ፋብሪካዎቹ የተዘጉበት፣ ሀብታም ያልሆነ ከተማ ነበር።

አስቀድሞ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም.፣ በአቅራቢያው ከሚገኘው ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በመጡ ተመራማሪዎች እገዛ፣ ከመቶ የሚበልጡ የመለኪያ መሣሪያዎች በየጉድጓዱ ተተክለው ነበር። መጀመሪያ የተገኘው ጥቅም ከመከታተል ብቻ የመጣ ነው። አንዳች ዝናብ ሳይኖር ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚገባባቸው ቦታዎች ታወቁ፤ ምክንያታቸውም በአብዛኛው ቧንቧው በአሸዋና በቆሻሻ መደፈኑ ነበር። ጠራጊው መኪና ቀድሞ እንደ ልማድ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር የነበረው፣ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልግበትን ቦታ አውቆ ይሄድ ጀመር። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ታሪክ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው፤ ማንም ሰው አንድ መዝጊያ እንኳ ገና ሳይነካ፣ ማወቅ ብቻውን ወንዙን አጸዳ።

ቀጥሎ የመቆጣጠሩ ሥራ መጣ። ዝናብ በአንድ ከተማ ላይ እኩል አይወርድም፤ በምዕራቡ ሰፈር ዶፍ ሲጥል ምሥራቁ ሊያካፋ ብቻ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቧንቧ ሞልቶ ወደ ወንዝ ሲያስተነፍስ፣ ሌላው ግማሹን ባዶ ይሆናል። በመስመሩ ላይ የተተከሉት መዝጊያዎች በኮምፒዩተር እየተመሩ በባዶው ቧንቧ ውስጥ ፍሳሹን ያዝ ያደርጉታል፤ ዋናው መስመር ሲቀለው ይለቁታል። አዲስ ቧንቧ ሳይቀበር ያለው ቧንቧ እንደ ጎተራ ሆነ ማለት ነው። የከተማው መዛግብት እንደሚያሳዩት ወደ ወንዙ ይፈስ የነበረው መጠን በ70 በመቶ ያህል ቀነሰ። በዓመታት የተሰበሰበው ልኬትም ራሱ ማስረጃ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር የተደረገው ስምምነት ተሻሻለ፤ ከተማውም ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ወጪ ቀረለት።

ይህን ያነበበ ሰው መሣሪያ ተክሎ መተኛት ይቻላል ብሎ እንዳያስብ፣ ወደ ሲያትል እንሂድ። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ይህች የወደብ ከተማ በዚህ ጥበብ ጀማሪ አይደለችም፤ ፍሳሿን በኮምፒዩተር መቆጣጠር የጀመረችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በዓለም ከቀደሙት አንዷ ናት። ትልቁ የማጣሪያ ጣቢያዋ ዌስት ፖይንት ይባላል፤ በባሕሩ ዳርቻ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከባድ ዝናብ እየጣለ ጣቢያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሳለ፣ በአንድ በኩል ያለው ኤሌክትሪክ ተቋረጠና የተጣራውን ውሃ ወደ ባሕር የሚያስወጡት ፓምፖች ቆሙ። መውጫው ሲዘጋ መግቢያው ክፍት ሆነ። እንዲህ ላለው ቀን ተብሎ በማጣሪያ ገንዳዎቹ ውስጥ ተንሳፋፊ ኳሶች ተሰቅለው ነበር፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍ ተነሥተው የሚገባውን ፍሳሽ በራሳቸው ማስቆም ነበረባቸው። ውሃው ከልክ አለፈ፤ ኳሶቹ ግን ተይዘው አልሠሩም።

ፍሳሹ ከገንዳዎቹ ገንፍሎ ከመሬት በታች ወዳሉት ረጃጅም መተላለፊያዎች ወረደ፤ ሞተሮችን፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችንና ማሞቂያዎችን አጥለቀለቀ። በሌሊት ተረኛ የነበሩት ሠራተኞች ሕይወታቸው ተርፏል። ጣቢያውን ከዚህ በላይ ከመጥፋት ለማዳን የአደጋ ጊዜው መዝጊያ ተከፍቶ፣ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 180 ሚሊዮን ጋሎን ያህል የጐርፍና የፍሳሽ ቅልቅል ወደ ፒውጀት ሳውንድ ባሕር ገባ። ጉዳቱ በሞተሮቹ ብቻ አላበቃም። ፍሳሽን በመጨረሻ የሚያጣሩት ሕያዋን ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ እንደ ሞተር ከመጋዘን ወጥተው አይተኩም፤ ሙቀትና ምግብ አግኝተው እንደ ገና እስኪራቡ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጣቢያው ወደ ሙሉ ሥራው የተመለሰው ከሦስት ወር ያህል በኋላ ነው። በማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ጉድጓዱ ራሱ እንዳልሆነ፣ የጉድጓዱ ወሬ ብቻ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ወሬ አምጪው ዝም ሲል፣ ሰሌዳውም ሰላም ያሳያል።

ወሬ አምጪው ዝም ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ የሚዋሽ እንደሆነስ? በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር፣ በዚያን ጊዜ ማሩቺ ሻየር ይባል በነበረው አስተዳደር፣ 142 የፓምፕ ጣቢያዎች ከማዕከሉ ጋር በሬዲዮ ይነጋገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት በረከተ። ፓምፖች መሥራት ባለባቸው ጊዜ ቆሙ፤ የማንቂያ ደወሎች ወደ ማዕከሉ ሳይደርሱ ቀሩ፤ አንዳንድ ጣቢያዎች ጨርሶ ከግንኙነት ወጡ። 800 ሺሕ ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ መናፈሻዎች፣ ወደ ወንዞችና ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ግቢ ፈሰሰ፤ በወንዙ የሚኖሩ ፍጥረታት አለቁ፤ የአንዱ ጅረት ውሃ ጠቆረ፤ ሽታውም ለነዋሪው የማይቻል ሆነ። መሣሪያዎቹ አዲስ የተተከሉ ስለነበሩ፣ ጥፋቱ የተከላ ጉድለት ነው ተብሎ ብዙ ተለፋበት።

ነገሩን ለመመርመር የተመደበው መሐንዲስ የሚበላሹት መልእክቶች ከ14ኛው ጣቢያ የሚመጡ እንደሚመስሉ አስተዋለ። ከዚያ ያደረገውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ወደ ጣቢያው ሄዶ በዐይኑ አየ፤ ጣቢያው እንዲህ ያለ መልእክት እየላከ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው በ14ኛው ጣቢያ ስም እየተናገረ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ግምቱን ለማረጋገጥ የእውነተኛውን ጣቢያ መለያ ቁጥር ከ14 ወደ 3 ለወጠው። ከዚያ ወዲህ እውነተኛው ጣቢያ ሲናገር በ3 ቁጥር ይናገራል፤ በ14 ቁጥር የሚመጣ መልእክት ሁሉ የሐሰተኛው ነው። መልእክቱ በ14 ቁጥር መምጣቱን ቀጠለ። ብልሽት የመሰለው ነገር የሰው እጅ ያለበት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከውድ መሣሪያ ይልቅ አንዲት ቁጥር መለወጥ የበለጠ ሥራ የሠራችበት ጊዜ ይህ ነው።

ሰውየው የሬዲዮውን መቆጣጠሪያ ከተከለው ድርጅት ጋር ይሠራ የነበረና ሥራውን የለቀቀ ሰው ነበር። በአስተዳደሩ ዘንድ ሥራ ለመቀጠር ጠይቆ አልተቀበሉትም ነበር። ያንን የሬዲዮ መረብ ያበጁት ሰዎች ከሩቅ የሚመጣውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚፈጽም እንጂ፣ «ትእዛዙ የማን ነው?» ብሎ እንዴት እንደሚጠይቅ አላሰቡበትም ነበር። ስለዚህ የጣቢያውን ቁጥርና የሬዲዮውን ሞገድ የሚያውቅ ሁሉ ጌታው ሊሆን ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. የአራት ጣቢያዎች ደወል በሌላ ጣቢያ ስም በመጣ መልእክት እንዳይሠራ ተደረገ። በዚያው ዕለት ማታ ፖሊሶች አንድ መኪና አስቆሙ፤ ከውስጡ ላፕቶፕ ኮምፒዩተርና የመልእክት ሬዲዮ ተገኘ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረውም ፕሮግራም መሐንዲሶች ጣቢያዎቹን ለማስተካከል የሚገለገሉበት ያው የታወቀው ፕሮግራም ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት።